ባለቤቱ ሳያይ አይቆረጥም

«አስቴርን ከቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ሊያስወጧት ነው አሉ» አለች ስኳር ልትገዛ የመጣችው ሴት፣ ዘንቢሏን ባንኮኒው ላይ እያሳረፈች። «የመዘምራኑን መዝሙር በሙሉ አጥፍታዋለች! ስድስት ዓመት ሙሉ የተጻፈውን። ሐሙስ ዕለት ኮምፒውተሩን አድሳለሁ ብላ ነው አሉ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ይወስናሉ።» አብራት የቆመችው ጎረቤቷ ከንፈሯን መጠጠች። «ድሮስ ሃምሳ ካለፈሽ በኋላ ምን ኮምፒውተር ያስነካሻል? አንብባ አትነካም ነበር?» አለችና የስኳሩን ዋጋ ጠየቀች። ኪሎው መቶ ስልሳ መግባቱን ስትሰማ የአስቴርን ነገር ትታ ስለ ስኳሩ ማዘን ጀመረች።

ሉብና ይህን የሰማችው ከሩዝ ከረጢቶቹ ጀርባ ሆና ነው። የአባቷ የጠሃ ሱቅ ሲቀላ ገበያ ዳር ያለ ጠባብ ክፍል ሲሆን፣ በአንድ ወገን ስኳርና ሩዝ እስከ ኮርኒሱ ተደርድሯል፤ በሌላው ወገን የዘይት ጀሪካንና የሳሙና ካርቶን ተቆልሏል። ሶኬት ያለው ከኋላ ብቻ ስለሆነ፣ ሉብና አንድ ከረጢት ላይ ተቀምጣ ላፕቶፗን የሳሙና ካርቶን ላይ አስደግፋ ነው የምትሠራው። የምትሠራውን ለሰው ማስረዳት አስቸጋሪ ነበር። ሊኑክስ የሚባል በነጻ የሚታደል የኮምፒውተር ሥርዓት አለ፤ ያረጀ ማሽንን ነፍስ ይዘራበታል። እሱን ኮምፒውተር ላይ ለማስገባት የሚከፈቱት ገጾች፣ ቋንቋ ምረጥ፣ ስምህን ጻፍ፣ ቀጥል የሚሉት፣ መጫኛ ይባላሉ። ሉብና በስልክ ብቻ ከምታውቃቸው ከሐዋሳ፣ ከጅማና ከአዲስ አበባ ልጆች ጋር ሆና የዚህን መጫኛ የአማርኛ ገጾች ታዘጋጃለች። ሦስተኛው ገጽ፣ አዲሱ ሥርዓት ኮምፒውተሩ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ የሚጠይቀው፣ ሙሉ በሙሉ የእሷ ሥራ ነው። ማክሰኞ ዕለት አስቴር ሳሙና ልትገዛ መጥታ «የቢሮው ኮምፒውተር እስኪከፈት አንድ ጸሎት አድርሼ እጨርሳለሁ» ስትላት፣ መጫኛው ያለበትን ፍላሽ ያቀበለቻትም እሷው ናት። «ምንም አይቸገሩም እትዬ አስቴር፤ ቀጥል፣ ቀጥል እያሉ ይሂዱ፤ እሱ ራሱ ይመራዎታል» ብላት ነበር።

ጠሃ ስኳሩን እየመዘነ ቀና ብሎ ወደ ልጁ ተመለከተ። ከሚዛኑ መርፌ ላይ ዓይኑን የማያነሳ ሰው ስለሆነ ሉብና ነገሩን ልብ አለችው። እሱም ስኳሩን ቋጥሮ ለሴትዮዋ ሰጠ። ሴቶቹ እንደሄዱ ሉብና ላፕቶፗን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ሴቻ ደርሼ እመጣለሁ፣ አባ።»

«ደርሰሽ ነይ» አለ ጠሃ።

ባጃጁ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ሾፌሩ ስለ ነዳጅ ሰልፍ፣ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ስለ ሙዝ ዋጋ መውደቅ ያወራሉ። ሉብና ግን ስለ ሦስተኛው ገጽ ብቻ ታስባለች። ገጹ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዳለ በደንብ ታውቃለች፤ ራሷ ናት የጻፈችው፤ ‹ውሂብ ሊተካ ይችላል› ይላል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው። ታዲያ አስቴር እንዴት አለፈችው? የአስቴር ቤት ከሴቻ ገበያ በላይ፣ በቀርከሃ አጥር የተከበበ ግቢ ውስጥ ነው። በሩ ላይ እንሰት ተተክሏል፤ በጎን በኩል ባለቤቷ ጋሽ ዳልጮ ሸማ የሚሠራባት ዝቅ ያለች ቤት አለች። ሉብና ስትገባ አስቴር የታተሙ የመዝሙር ወረቀቶችን ወለሉ ላይ ዘርግታ፣ ንፋስ እንዳይወስዳቸው በእያንዳንዱ ላይ ድንጋይ እያስቀመጠች ነበር። አራት መቶ አሥራ ሁለት መዝሙር ነው፤ ግማሹ በጋሞኛ፣ ግማሹ በአማርኛ። ወረቀቱ በመትረፉ ሁሉንም እንደገና ከመጀመሪያው መጻፍ ይቻላል፤ ለዚያ ግን ኮምፒውተሩን መንካት የተፈቀደለት ሰው ያስፈልጋል።

«ፍላሹን ሉብና ናት የሰጠችኝ ለምን አላሉም?» አለቻት ሉብና፣ ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ።

«ብልስ? መዝሙሩ ይመለሳል?» አለች አስቴር፣ አንድ ድንጋይ እየመረጠች። «አንቺን ከነአባትሽ ሽማግሌ ፊት ማቆም ነው ትርፉ። የጫነው ደግሞ የኔ ጣት ነው። ይልቅ ተቀመጪ፤ ድንች ቀቅያለሁ።»

ሉብና ድንቹን ከነልጣጩ እየበላች ላፕቶፗን ከፈተች። በእሷ ማሽን ላይ መጫኛው ለመለማመጃ ብቻ ይከፈታል፤ ምንም አያጠፋም። «እስቲ ሐሙስ ያደረጉትን አሁንም ያድርጉልኝ» አለቻት። አስቴር እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ተቀመጠች። ቋንቋውን መረጠች፣ ስሟን ሞላች፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ጣቷ ሳይዘገይ ቀጥል የሚለውን ጫነ።

«ይኸው። አላነበበችም ይሉኛል፤ አነበብኩ። ሁለት ምርጫ አለው። ‹ዲስኩን በሙሉ ተጠቀም› የሚለው ላይ አስቀድሞ ነጥብ ተደርጎበታል። ነጥቡን ማን አደረገው? የሚያውቅ ሰው ነዋ! ሰው ቤት ገብተሽ ወንበር ሲስቡልሽ፣ አይ እኔ እዚያኛው ላይ ነው የምቀመጠው ትያለሽ? ነውር አይደለም?»

ሉብና ድንቹን አስቀመጠች። ነጥቡን ያደረገችው እሷ ነበረች፤ ሰው አንድ ጊዜ ከመጫን ይገላገል ብላ። በዚህ ከተማ ለእንግዳ የተሳበ ወንበር እንደማይገፋ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ወዲያው ሥራ ጀመረች። ማስጠንቀቂያውን አጎላችው፣ ቀይ ቀለም ቀባችው፣ አጠገቡ ሦስት ማዕዘን ምልክት አቆመች፤ ከዚያም አስቴርን ከወረቀቶቿ መካከል መልሳ ጠራቻት። አስቴር ቋንቋውን መረጠች፣ ስሟን ሞላች፣ በቀዩም ላይ ልክ እንደ ቅድሙ አለፈችበት።

«እትዬ አስቴር! ቀይ አለ እኮ!»

«ቀይ የሌለበት ቀን መች አለ? የማተሚያው ቀለም ሲያልቅ ቀይ፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ ቀይ፤ አድሰኝ፣ አድሰኝ ሲል ቀይ። ቀዩን ሁሉ ብሰማ ኖሮ እስከ ዛሬ አንድ መዝሙር አልጽፍም ነበር» አለች አስቴር። ሉብና ሳታስበው ሳቀች፤ አስቴርም ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከሸማው ቤት የመወርወሪያው ድምፅ ቆመና የጋሽ ዳልጮ ድምፅ በአጥሩ በኩል መጣ። «ምንድነው የሚያስቃችሁ? ለኔም ንገሩኝ እንጂ!»

መንገር አላስፈለገም፤ እሱ ራሱ እንግዳ መጥታበት ነበር። ጋቢ ያዘዘች የትምህርት ቤት መምህርት በር ላይ ቆማለች፤ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ብሯን በእጇ ይዛ፣ ባጃጅ እያስጠበቀች። ሉብናና አስቴር በአጠገቧ አልፈው ወደ ሸማው ቤት ገቡ። ቤቱ ውስጥ የጥጥና የእርጥብ አፈር ሽታ አለ። ጋሽ ዳልጮ እግሩን ከሸማ ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ እንደከተተ ተቀምጧል፤ ያለቀው ጋቢ ከፊቱ ተጠቅልሎ ዕቃው ላይ ነው፤ ቢላዋው አጠገቡ።

«ቁረጠው ጋሼ፤ አምንሃለሁ» አለች መምህርቷ ከደጃፉ።

«ማመንህ ጥሩ» አለ ጋሽ ዳልጮ። ከዶርዜ ከወረደ ሠላሳ ዓመት ቢሆነውም በአማርኛው ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚለው፤ ማንም ተቀይሞት አያውቅም። «መጀመሪያ ግን ና፣ እይ።»

መምህርቷ ባጃጁን እያየች ገባች። ጋሽ ዳልጮ ጥቅሉን ፈትቶ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ቀስ እያለ በእጇ አስዳሰሳት። ይህ ጋ ክር ተበጥሶ ቀጥሎታል፤ ይህ ጋ የጥለቱ አረንጓዴ ከሌላ ልቃቂት ነው፤ ይህ ጋ ትንሽ ሳስቷል። መምህርቷ የሳሳውን በጣቷ አሸት አደረገችና ምንም አይደለም አለች። ከዚያ ጋሽ ዳልጮ ዓይን ዓይኗን እያየ «ይቆረጥ?» አላት፤ «ይቆረጥ» አለች፤ ያኔ ቢላዋውን አነሳ። ሉብና ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«ጋሽ ዳልጮ፣ አምንሃለሁ እያለችህ ለምን አልቆረጥከውም?»

«የተቆረጠ ጋቢ ተመልሶ ሸማ ዕቃ ላይ አይወጣም። ሳይቆረጥ ግን ሁሉ ነገሩ ይቃናል። ባለቤቱ ሳያይ አይቆረጥም፤ አባቴ ያስተማረኝ እንዲህ ነው» አለና ጋቢውን አጥፎ ለመምህርቷ አቀበላት።

ሉብና እስከ እኩለ ቀን እዚያው ሸማው ቤት በር ላይ፣ የሙዝ ሳጥን ተገልብጦላት ተቀምጣ ሠራች። መጀመሪያ ነጥቡን አነሳች፤ ምርጫዎቹ ሁለቱም ባዶ ሆኑ። ቀጥሎ ቀዩን አጠፋች። በምትኩ ገጹ የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍቶ በውስጡ ያለውን እንዲያሳይ አደረገችው፤ ፎቶዎቹን በትንንሹ፣ ጽሑፎቹን በየስማቸው፣ ብዛታቸውንም በፊደል። ከሥር ቀጥል የሚለው ቀርቶ ሁለት መልስ ቆመ፤ «ይህ ሁሉ ይጥፋ» እና «ይህ ሳይነካ በጎኑ ይጫን»። ለሐዋሳው ልጅ ብትልክለት «ገጹን አጨናነቅሽው፤ የትም አገር እንዲህ አይደረግም» ብሎ መለሰላት። «የትም አገር ጋሽ ዳልጮ የለም» ብላ ጻፈችለትና ስልኩን ኪሷ ከተተች። አስቴር አራት ጊዜ ተቀምጣ አራት ስህተት አገኘች። አንዱ ላይ የዲስኩን መለያ አይታ «ኤስዲኤ ማነው? ሰው ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ሉብናም አውጥታ ጣለችው። በአምስተኛው ጊዜ ገጹ የሉብናን የምረቃ ፎቶዎች ደርድሮ ሲያሳያት፣ አስቴር ጣቷን ከጋለ ብረት ላይ እንደምታነሳ አነሳች። «ውይ! ይሄ ሁሉ ሊጠፋ?» አለች። ሉብና ተነስታ ግንባሯን ሳመቻት።

ሱቅ ስትመለስ ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር። ጠሃ ከሶላት ተመልሶ በቴርሞስ ሻይ እየቀዳ ነው። ከመደርደሪያው ሥር አቧራ ለብሶ የተቀመጠውን የሱቁን አሮጌ ላፕቶፕ ለሙከራ እንዲያውሳት ልትጠይቀው ፈልጋ ከየት እንደምትጀምር አላወቀችም። እሱ ቀደማት።

«ፍላሹን ስትሰጫት አይቼ ነበር» አለ፣ ሻዩን እያማሰለ። «ጠዋት ሴትዮዋ ስታወራ፣ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅሁ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልናገር ነው፣ አባ። ሽማግሌዎቹ ፊት።»

ጠሃ ራሱን ነቀነቀና ለእሷም ሻይ ቀዳላት። ላፕቶፑን እንደምትፈልገው ስትነግረው «ውሰጂው፤ ምንም የለበትም» አላት። ሉብና ግን እንቢ አለች፤ መጀመሪያ ማየት እንዳለበት ነገረችው። ከፍተው ጎን ለጎን ቆመው አዩ። የቆዩ የዋጋ ዝርዝሮች፣ የከብት ፎቶ፣ ማን እንደላከው የማይታወቅ የሠርግ ጥሪ፤ ከሁሉም በታች ደግሞ ሱቁ በተከፈተበት ሳምንት የተነሳ አንድ ፎቶ። የአራት ዓመቷ ሉብና የስኳር ከረጢት ጫፍ ላይ ጉብ ብላ፣ አፏ ዙሪያውን ስኳር ሆኖ። ጠሃ መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ አደረገ። «ያኔ ኪሎው አሥራ ሦስት ብር ነበር» አለ፤ ግን ድምፁ ስለ ስኳር የሚያወራ ሰው ድምፅ አልነበረም። «እሷን አውጪልኝ። ሌላው ይጥፋ።» ሉብና ፎቶዋን ወደ ስልኩ ላከችለት፤ ከሱቁ ስትወጣ እየደጋገመ ሲያያት ተወችው።

የቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ አንድ ጠረጴዛ ከነወንበሩ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና የማንጎ ዛፍ የሚያሳይ መስኮት ያለው ክፍል ነው። ኮምፒውተሩ አስቴር የሠራችውን ዳንቴል ለብሶ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ አስቴርም የመዝሙር ወረቀቶቿን በካርቶን ይዛ መጥታ አግዳሚው ጫፍ ላይ ናት። ሰባቱ ሽማግሌዎች ጸሎት አድርሰው ሊጀምሩ ሲሉ ሉብና ሂጃቧን አስተካክላ በሩን አንኳኳች። አንዱ ተነስቶ ወንበር ሳበላት፤ እሷም እንደ አገሩ ወግ እዚያው ላይ ተቀመጠችና ነገሩን ሁሉ ተናገረች፤ ፍላሹን የሰጠችው እሷ መሆኗን፣ ገጹን የሠራችው እሷ መሆኗን፣ ነጥቡንም። ሰብሳቢው ሕዝቅኤል ለረጅም ዘመን ርእሰ መምህር የነበረ፣ ክራባቱን ለአንድ ቀን እንኳ የማያላላ ሰው ነው። የቢሮውን ቁልፍ ሐሙስ ከአስቴር ተቀብሎ በኮቱ ኪስ ይዞታል። ንግግሯን እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማት።

«ልጄ፣ አምነሽ መምጣትሽ ያስከብርሻል» አላት። «ነገር ግን ፊደል የቆጠረ ሰው አንብቦ ነው የሚነካው። ገጹ ማስጠንቀቂያ ነበረው ብለሻል። እህት አስቴር ብታነብ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር።»

«እንግዲያው ጋሼ፣ እርስዎ ይሞክሩት» አለች ሉብና፣ የአባቷን ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ እያኖረች።

ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው፤ ስብሰባ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም። ሉብና መጀመሪያ ሁሉንም መስኮቱ አጠገብ አቁማ በላፕቶፑ ፎቶ አነሳቻቸውና እዚያው ውስጥ አስቀመጠችው። ከዚያ የሐሙሱን፣ ያልታረመውን መጫኛ ከፈተችለት። ሕዝቅኤል መነጽሩን አደረገና እያንዳንዱን ገጽ እንደ ክፍል ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ከግርጌ ያለችውን ትንሿን መስመር ሳይቀር «በተመረጠው ክፍል ላይ ያለ ውሂብ ሊተካ ይችላል» ብሎ አነበባት። «ግልጽ ነው» አለና ቀጥል የሚለውን ጫነ። መጫኑ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ፤ እስከዚያ አንዱ ሽማግሌ ከጓሮው ያመጣውን ሙዝ አደለ፣ ስለ ምዕራብ ዓባያ ዝናብም ወሬ ተነሳ። አዲሱ ሥርዓት ሲከፈት ሉብና ወደ ጎን ዞር አለች።

«አሁን ፎቶውን ያሳዩን፣ ጋሼ።»

ሕዝቅኤል ፈለገ። ከላይ ፈለገ፣ ከታች ፈለገ፣ መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና ፈለገ። «ግን እኮ አንብቤዋለሁ» አለ በመጨረሻ፣ በቀጭን ድምፅ።

«እኔም አንብቤው ነበር፣ ወንድም ሕዝቅኤል» አለች አስቴር ከአግዳሚው ጫፍ።

መጀመሪያ የሳቀው ሙዝ ያመጣው ሽማግሌ ነው። ከዚያ ስድስቱም ሳቁ፤ ከሁሉም በኋላ ሕዝቅኤል ራሱ ጠረጴዛውን እየደበደበ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ክራባቴን አስተካክዬ የተነሳሁትን!» ይል ነበር በሳቁ መሃል። ሲበርድለት «አዲሱንስ? አዲሱን አሳዪን» አለ። ሉብና ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሰው እንደምትፈልግ ተናገረች። አስቴር በመስኮቱ ብቅ ብላ፣ ሚስቱን ሊጠብቅ መጥቶ ማንጎው ሥር የተቀመጠውን ጋሽ ዳልጮን ጠራችው።

ጋሽ ዳልጮ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። ፎቶው እንደገና ተነሳ፤ አሁን እሱም፣ አስቴርም፣ ሉብናም ገቡበት፤ አሥር ሰው ሆኑ። ከዚያ ጠረጴዛው ፊት ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። አራተኛ ክፍል ድረስ ስለተማረ ፊደሉን እየነካ ያነባል፤ ቋንቋ መረጠ፣ ስሙን ለመጻፍ ሰባት ደቂቃ ፈጀ፣ ማንም አላቻኮለውም። ሦስተኛው ገጽ ተከፈተና አሥሩም ፊታቸውን አዩት፤ ከበላዩም «በዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ይህ ነው» የሚል ጽሑፍ። ጋሽ ዳልጮ ሁለቱን መልሶች፣ «ይህ ሁሉ ይጥፋ» እና «ይህ ሳይነካ በጎኑ ይጫን» የሚሉትን፣ ቀስ ብሎ አነበባቸው። ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተነሳ። ሉብና ደነገጠች፤ ተቸግሮ የተወው መሰላት።

እሱ ግን ወደ ሕዝቅኤል ሄደ። «ይሄ ፊት ያንተ ነው። ይጥፋ?» አለው።

«አይጥፋ» አለ ሕዝቅኤል።

ወደሚቀጥለው ሄደ። «ይጥፋ?» «አይጥፋ፣ ወንድሜ።» አግዳሚውን ከዳር እስከ ዳር እንዲህ አዳረሰው፤ ሽማግሌዎቹም እንደ መሐላ ከወንበራቸው ብድግ እያሉ መለሱለት። ሉብና ጋ ሲደርስ «አንተስ ልጄ?» አላት፤ «አይጥፋ፣ ጋሽ ዳልጮ» አለችው፣ እሷም ብድግ ብላ። በመጨረሻ ሚስቱ ፊት ቆመ። ባልና ሚስቱ ተያዩ፤ ከሐሙስ ጀምሮ ስለዚህ ነገር በቤታቸው አንድም ቃል አልተነጋገሩም ነበር።

«አንተስ አስቴር? ይጥፋ?»

አስቴር ነጠላዋን በትከሻዋ አስተካከለች፤ ባሏን ትታ ሕዝቅኤልን ተመለከተች። «መጀመሪያ ቁልፌን» አለች። «መልሱን ከዚያ በኋላ እነግራችኋለሁ።»

ሕዝቅኤል እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደ። ቁልፉን አወጣና ዳንቴሉ ላይ አስቀመጠው። ከወለሉ ላይም የመዝሙሩን ወረቀት የያዘውን ካርቶን አንስቶ በጉልበቱ ላይ አደረገና «ከአንድ እስከ ስልሳ ያለውን ሰኞ ማታ እኔ አነብልሻለሁ፣ አንቺ ትጽፊያለሽ» አላት። ሙዝ ያመጣው ሽማግሌ ከስልሳ አንድ ጀምሮ ያለው የእሱ ነው ብሎ ጮኸ።

«አይጥፋ» አለች አስቴር።

ጋሽ ዳልጮ ወደ ወንበሩ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ክር የሚያቃና ይመስል አንድ ጣቱን ቀስ አድርጎ ዘረጋና ሁለተኛውን መልስ ነካው።